ሰርገኛው ሳይመጣ

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሀበሻ ይኖራል ብዬ አላምንም። ተረቱን በማወቅማ ማን ይበልጠናል! በርበሬውን ቀድሞ በመቀንጠስ ግን... እሱን እንተወው። መብራት ከጠፋ በኋላ በጨለማ ሻማ የሚዳብስ፣ ሻማው ሲገኝ ደግሞ ክብሪት ፍለጋ ጎረቤት የሚያንኳኳ ሰው በየቤታችን አለ። ትርፍ ጎማ ይዞ ክሪክ የሌለው፣ ክሪክ ይዞ የጎማ መፍቻ የረሳ ሾፌርም በየመንገዱ አለ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ተረቱን ሰምተውት ስለማያውቁ፣ በርበሬያቸውን ግን አስቀድመው ቀንጥሰው ስለሚጠብቁ ሰዎች ነው፤ ስለ ባሕር ጠላቂዎች።

ወሬውን ያገኘሁት ከአንድ ወዳጄ ነው። ይህ ወዳጄ በአዲስ አበባና ጅቡቲ መንገድ ላይ ለዓመታት የከባድ መኪና ረዳት ነበር። በኋላ እዚያው ጅቡቲ ቀርቶ ጠላቂ ቱሪስቶችን የምታመላልስ ጀልባ ላይ ሥራ ያዘ። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ሙሻና መስካሊ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ፈረንጁ ገንዘቡን አጠራቅሞ፣ አየር በብረት ሲሊንደር ሞልቶ፣ እንደ ልጅ አዝሎት እዚያ ይጠልቃል። አንድ ጊዜ ለሥራ ጉዳይ ጅቡቲ ወርጄ ሳገኘው፣ ወዳጄ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየኝ ባሕሩን አይደለም። አንዲት ውኃ የማታስገባ የፕላስቲክ ሳጥን አምጥቶ ከፈተልኝ።

«ይኸውልህ፣ የዚህ ሁሉ ሥራ ነፍሱ እዚህች ውስጥ ናት» አለኝ።

እኔ ትልቅ መሣሪያ ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን ቁርጥራጭ ነው። በየመጠኑ የተለዩ የጎማ ቀለበቶች፣ የመነጽር ማሰሪያ፣ እግር ላይ የሚጠለቀው የመዋኛ መቅዘፊያ ማሰሪያ፣ በጥርስ የሚነከስ የመተንፈሻ ጎማ፣ እሱን የሚያስሩበት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠፍሩበት ዓይነት የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ባትሪዎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መፍቻዎች፣ አንድ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ቱቦ የሲሊኮን ቅባት። «ቫዝሊንም ግራሶም አይሆንም፤ ጎማውን ይበላዋል» አለኝ። ቀለበቶቹን ከቦታቸው የሚያወጣባት ትንሽ መንቆሪያም የነሐስ ናት። ብረት ከሆነች ቀለበቱ የሚቀመጥበትን ቦይ ትጭረዋለች፤ በተጫረው በኩል ደግሞ አየር ይሾልካል።

ከሁሉ የምትንቋት ያቺ የጎማ ቀለበት ናት። ዋጋዋ ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም። ሥራዋን ስሙ፦ ሲሊንደሩ ሲሞላ ውስጡ ያለው ግፊት ብዙውን ጊዜ 200 ባር ነው። የቤት መኪናችን ጎማ የሚሞላው ከ2 ባር ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ስለሆነ፣ ወደ ዘጠና እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ አየር ከሬጉሌተሩ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ አፍና የምትይዘው ያቺ ቀለበት ናት። ሬጉሌተር ማለት የቡታ ጋዛችን ላይ እንዳለው ሁሉ ግፊቱን አብርዶ ለሰው ትንፋሽ በልክ የሚሰጠው ዕቃ ነው። ቀለበቷ ከደረቀች ወይም ከተሰነጠቀች አየሩ እየጮኸ ይወጣል፤ ባሕር አቋርጦ የመጣው እንግዳም ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሌሎች ሲጠልቁ ያያል። ያም ዕድለኛ ከሆነና ነገሩ ሳይጠልቅ በፊት ከታወቀ ነው።

«በመኪና ጊዜ እንዲህ ትጠነቀቅ ነበር?» አልኩት።

ሳቀ። «መኪና ሲበላሽ ዳር ታስይዛለህ፣ ከኋላህ ድንጋይና ቅጠል ትደረድራለህ፣ ዛፍ ካለ ጥላው ሥር ትተኛለህ። ባሕር ውስጥ ምን ዳር አለው?»

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሳጥኑ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። የሬጉሌተሩ የሆድ ዕቃ የለም። ለምን ብዬ ብጠይቀው «እሱ እዚህ አይፈታም፤ ሥራውን የተማረ ባለሙያ ዘንድ ይሄዳል» አለኝ። ይህን የሚለው የሚያፈስ የናፍጣ ሰልባትዮ በሳሙና ደፍኖ ከበረሃ መኪና ያወጣ ሰው ነው! አንድ ቀን የአንድ እንግዳ ሬጉሌተር አፍ ሳይነካው አየር እየለቀቀ አስቸገረ። ትርፉን ሌላ ሰው ወስዶታል። አለቃው ቢቸኩል «ጠበቅ ጠበቅ አድርግና ስደደው፤ ሰውየው እኮ ከፍሏል» አለ። ወዳጄ መፍቻው በእጁ ነበር። «ዛሬ ይቅር» ብሎ ሳጥኑን ዘጋ። የአለቃው ፊት ለሳምንት ጠቁሮበት ከረመ፤ እንጀራውንም ሊያጣ ነበር። በጠላቂዎች ወግ ግን ማንም ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ምክንያት «ይቅር» ማለት ይችላል። ፈሪ ተብሎ አይሰደብም።

ለአንዲት ቀለበት ይህ ሁሉ ወሬ የበዛ ለሚመስለው አንድ ታሪክ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ሰማይ ላይ ተበታትና 7 ሰዎች አለቁ። ሲመረመር ጥፋቱ የተገኘው በጎን ሮኬቷ መጋጠሚያ ላይ በነበረ የጎማ ቀለበት ነው። ብርዱ ቀለበቱን አደንድኖት የጋለውን ጋዝ መያዝ አቃተው። የሚያሳዝነው በዋዜማው ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች «በዚህ ብርድ አትነሣ» ብለው ተከራክረው ነበር። «ይቅር» ብለው ነበር ማለት ነው። አለቆች ሻሩት።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ በሽቦ አስሮ ያደረሰንን ሾፌር «ጎበዝ! የእጅ አዋቂ!» እያልን ለዓመት እናወራለታለን። እውነትም ብልሃቱ ያስመሰግናል። «ፍሬኑ አላማረኝም፣ ዛሬ አልነዳም» ያለውን ግን ማን አመሰገነው? እንዲያውም «ኧረ ንዳው፣ ረፈደብን! እግዜር ያውቃል!» የምንለው እኛው ተሳፋሪዎቹ ነን። እግዜር ማወቁንማ ያውቃል። ፍሬኑን የሚያውቀው ግን ሾፌሩ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ዛሬውኑ አንድ ባዶ ካርቶን ፈልጉ። ሻማና ክብሪት፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ጎሚኒ፣ የእጅ ባትሪ፣ የቡታ ጋዙ ጎማ ማሰሪያ፣ ፋሻ፣ ካቻቢቴ አንድ ላይ አስቀምጡ። ወጪው ከአንድ ምሳ ግብዣ አይበልጥም። ካርቶን ውስጥ የማይገባውን ነገር ደግሞ ልጆቻችሁን አስተምሯቸው፤ ሁሉ ሰው «ሂድ ሂድ» እያለ «ዛሬ ይቅር» ማለትን።