የዶሮ ማነቂያው ቡቺ

ባለፈው ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የውሾች መጠለያ ጎራ ብዬ ነበር። ገና ከታክሲ ስወርድ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል! አንዱ ብቻ ዝም ብሏል። ቡቺ ይሉታል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ጌቶቹ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ እሱ ፍርስራሹን ሲጠብቅ ተገኘ።

ጅራቱን እግሮቹ መሀል ወትፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ምግቡን አልነካም። ሳይሞቀው ያለከልካል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። «ጭንቀት ነው» አለኝ ጠባቂው። «ሁለት ሰዎች ወስደውት ነበር። ‹አይጮህም› ብለው በሳምንቱ መለሱት።»

ወይ ጉድ! እናንተ ሰው ቤት በገባችሁ በነጋታው ትጮሃላችሁ እንዴ?

የግቢው ኪራይ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ውሾቹም መሄጃ የላቸውም። ግቢ ያላችሁ፣ ቡቺን ብትወስዱት መጀመሪያ ጸጥ ያለ ጥግና ውሃ ስጡት። ካልመጣ አትዳብሱት፣ ጎረቤት ጠርታችሁ አታስጎብኙት። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ታገሡት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ደግሞ በየዓመቱ አትርሱ።

ስወጣ «ቡቺ!» አልኩት። ዞር አላለም። አንድ ጆሮው ግን ቀጥ አለች።