የፊኒ ካውንቲ ውሃና የእህቴ ቤት

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ላይ፣ ፊኒ የሚባል ካውንቲ አለ። ካውንቲን ወረዳ ብንለው ብዙም አንርቅም። ስፋቱ 3,370 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በ2020 ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተገኘበት ሕዝብ 38,470 ብቻ ነው። አብዛኛውም የሚኖረው ጋርደን ሲቲ በምትባለው ዋና ከተማ ነው።

መሬቱ ዓይን እስኪታክት ሜዳ ነው። ዓመታዊ ዝናቡ 480 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የአርካንሳስ ወንዝም ቢሆን ካርታ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይሰመር እንጂ በጋርደን ሲቲ በኩል አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው።

የካውንቲው የመጀመሪያ ስም ሴኮያ ነበር። ሴኮያ ለቸሮኪ ሕዝብ ቋንቋ ፊደል የቀረጸ ሰው ነው፤ ያውም እንደኛው ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ የሚይዝ ፊደል። በ1883 ይህን ስም አንስተው የግዛቱን ምክትል ገዥ የዴቪድ ፊኒን ስም ሰጡት። እኔን ከጠየቃችሁኝ የቀድሞው ይሻል ነበር።

ሰዉ ከየትም የመጣ ነው። በ1906 ከቀይ ሥር ዘመድ ተክል ስኳር የሚያወጣ ፋብሪካ ሲከፈት ሜክሲኮዎች ለእርሻውና ለባቡር ሐዲዱ ሥራ መጡ። በ1980 መጨረሻ ሆልኮምብ አጠገብ ግዙፍ የከብት ቄራ ሥራ ጀመረ፤ ያኔ ቬትናሞች፣ ኋላ ደግሞ ሶማሌዎች፣ የበርማ ስደተኞች፣ የኛም ሰዎች ተከተሉ። ሁሉም ግን በሰላም አልተቀበላቸውም። በ2016 ሦስት ሰዎች ሶማሌዎች የሚኖሩበትንና መስጊድ ያለበትን አፓርታማ በቦምብ ለማፈንዳት ሲያሴሩ ተይዘው በ2019 ከ25 እስከ 30 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል።

ታላቅ እህቴ በዲቪ ሄዳ እዚያው አካባቢ ቄራ ውስጥ ቢላዋ ይዛ ነው የምትውለው። ዘንድሮ ስትደውል፣ «አንተ፣ ጂኦግራፊ ትማር የለ? ቤት ልንገዛ ነው፤ ውሃ እያለቀ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ለፈተና እንኳ እንዲያ አላነበብኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሥር ኦጋላላ የሚባል የከርሰ ምድር ውሃ አለ። በሞተር እየተሳበ፣ መሐሉ ላይ ተተክሎ በሚዞር ረጅም ቧንቧ በቆሎውን ያጠጣል። ከአውሮፕላን ሲታይ ማሳው ምጣድ ሙሉ እንጀራ ጎን ለጎን የተዘረጋ ይመስላል። በቆሎው ከብት ያደልባል፣ ከብቱ ወደ ቄራው ይሄዳል፣ ቄራው ለእህቴ ደመወዝ ይከፍላል። ዝናቡ ግን ወደ ከርሰ ምድሩ የሚመልሰው በዓመት 2.5 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚሳበው ከሚገባው እጅግ ይበልጣል።

«እትዬ፣ የቤትሽ ቧንቧ ቀድሞ አይደርቅም» አልኳት። ከሚወጣው ውሃ የከተማው ድርሻ ትንሽ ነው፤ የሚበላው መስኖው ነው። ቀድሞ የሚነካው በቆሎው ነው፣ ቀጥሎ ሥራው። እርግጥ በቆሎም ከብትም ከሌላ ቦታ በባቡርና በጭነት መኪና ይመጣል፤ ስለዚህ ቄራው ነገ ይዘጋል ማለት አይደለም። ብቻ በ30 ዓመት የሚከፈል ብድር እንዳትወስድ፣ የ15 ዓመቱን እንድትጠይቅ ነገርኳት። ባሏ ወርሃዊ ክፍያው ይከብደናል ብሎ የ30ውን ይፈልጋል። እስካሁን እየተነጋገሩ ነው።