ጸበል ውሰዷት!

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በገና ዋዜማ፣ የእህቴን ልጅ ይዤ መስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው ኤግዚቢሽን ማዕከል ሄድኩ። ሰበቡ ቅቤ ነበር። እህቴ «ባዛሩ ላይ ይረክሳል» ብላ ነው የላከችን። ቅቤው ጋ ሳንደርስ አንድ የዘይት ነጋዴ ድንኳን ፊት ሰው ሲጋፋ አየን። ልጅቷ ተንጠራርታ አጮለቀችና እጄን ጨምድዳ ያዘችው።

«ጋሼ! ገዳይዋ!»

እውነትም ገዳይዋ ነበረች። በዚያ ሰሞን ሰፈሩን ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ባስቀመጠው ተከታታይ ድራማ ላይ ምራቷን በሻይ መርዛ የገደለችው ሴትዮ፣ ዘይት ልታስተዋውቅ መጥታለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ደግሞ ምራቷ ናት። ሞታ፣ ተለቅሶላት፣ አርባዋ ሳይወጣ ገዳይዋ ጎን ቁጭ ብላለች፤ ሁለቱም ከአንድ ፌስታል ፈንዲሻ ይዘግናሉ።

አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ሕዝቡን ሰንጥቀው ገቡ። ለዘይቱ እንዳልመጡ ከአካሄዳቸው ያስታውቃል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በደለችሽ?»

ተዋናይቷ ብድግ ብላ አጎንብሳ ጉልበታቸውን ሳመች። «እማዬ፣ ደራሲው አዞኝ ነው።»

«እሱንም ባገኘሁት!» አሉና ወደ ሟቿ ዞረው አገጯን ያዝ አድርገው ፊቷን አገላብጠው አዩት። «አንቺስ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እማማ።»

«እንኳን ተረፍሽ» ብለው ባርከዋት ሄዱ። ዘይቱን አልገዙም።

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ከልቤ መሳቅ አልቻልኩም፤ በዚያ ዕድሜዬ፣ በቀን ብርሃን፣ በዘይት ጀሪካን መካከል፣ ወደዚያች ሴት ጠጋ ማለት ፈርቼ ነበር። እንደ እሷ ያሉትን ሴቶች መፍራት የጀመርኩበትን ቀን፣ ሰዓቱን ባልነግራችሁም፣ ቤቱን አውቀዋለሁ። ካዛንቺስ ነው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው፤ «ካሴ ኢንቺስ» ይሉት ነበር፣ የእኛ ምላስ አሳምሮ ካዛንቺስ አደረገው። ከእነዚያ ቤቶች የአንዱ ማድ ቤት፣ በእኔ ልጅነት፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ቪዲዮ ቤት ሆኖ ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። ስድስት አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። መግቢያው ስሙኒ ነው። ከሰዓት የሕንድ ፊልም፣ ማታ ካራቴ። በር ላይ በተደገፈችው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ የሚጻፈውን አንብበን እንገባለን። ያን ቀን የተጻፈው «ሰይጣን የያዛት ልጅ» ይላል። በፈረንጅ ስሙ «ኤክሶርሲስት» መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 የወጣ ነው።

የአሜሪካ ተመልካች ይህን ፊልም ያየው እንደ ጉድ ነው። እኛ ግን ለጉዱ አዲስ አልነበርንም። ጸበል ቦታ ሄዶ የማያውቅ ማን ነበር? የተያዘች ሴት ድምፅዋ ተለውጦ ስትጮህ፣ ካህኑ «ከየት ነው የያዝካት?» ብለው ሲጠይቁ፣ የያዛት «ለቅቄያለሁ!» እስኪል ቆሞ ያላየ ማን ነበር? ስለዚህ ልጅቷ አልጋው ላይ መንፈራገጥ ስትጀምር አንዲት ጠጅ ቤት የነበራቸው ሴትዮ ከኋላ «ጸበል ውሰዷት እንጂ!» ብለው ጮኹ። አንዱ «ሸንኮራ ዮሐንስ ነው እንዲህ ያለውን የሚያስለቅቅ» አለ። ሌላው «ምን እዚያ ድረስ አስኬዳት፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እያለች!» ጭቅጭቁ ጦፈ። ሐኪሞቹ ልጅቷን በመርፌና በመሣሪያ ሲያሰቃዩ «ገንዘብ ሊበሏት ነው» የሚል ፍርድ በአንድ ድምፅ አለፈ።

ባለቤቱ ጭቅጭቁ ፊልሙን ሲያስረሳ ጊዜ ዴኩን አቆመው። «ጨርሱና እቀጥላለሁ» አለ።

የኔ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ የቆመው ልጅቷ ፊቷን ወደ እኛ ባዞረችበት ቅጽበት ነበር። የቆመ ካሴት አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሥዕሉ አይረጋም፣ ነጭ መስመር ከላይ ወደ ታች እየሄደ ይንቀጠቀጣል። እኔ የፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከስክሪኑ አንድ ክንድ ርቀት ተቀምጫለሁ። ትልልቆቹ የሸንኮራንና የእንጦጦን ጸበል ሲያወዳድሩ እሷ እኔን ብቻ ታያለች። ዐይኔን ጨፈንኩ። ሲቀጥልም አልገለጥኩም። ቀሪውን ፊልም በጆሮዬ ነው የጨረስኩት።

ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ ሁሉንም አስለፈለፈችኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «እናቷስ የት ሄዳ ነው?» እናትየዋ በፊልሙ ውስጥ የፊልም ተዋናይ ናት። ነገርኳት። «ይኸው!» አለችና የቤቱን ጸበል አምጥታ አናቴ ላይ ደፋችው።

የእናቴ «ይኸው» ከሷ አልጀመረም። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ በግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ያየ ሕዝብ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» አለው። እ.ኤ.አ. በ1923 ፒያሳ አካባቢ እንደተከፈተ ይነገራል። ስሙ ያኔ ስድብ ነበር፤ አሁን ታሪክ ሆኖ በኩራት ይጠቀሳል። እኔ ግን ሰዎቹ ያን ያህል የተሳሳቱ አይመስለኝም። የሌለ ሰው ግድግዳ ላይ ሲመጣ፣ ሲስቅ፣ ሲሞት፣ በማግስቱ ደግሞ ተነሥቶ እንደገና ሲሞት ካዩ ምን ይበሉት?

ፈረንጆቹ ደግሞ የፈሯቸውን የፊልም ሴቶች ለማግኘት ሥርዓት አበጅተዋል። «ፋንጎሪያ» የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረ የሆረር መጽሔታቸው በ1980ዎቹ ጉባኤ ማዘጋጀት ያዘ፤ ዛሬ እንዲህ ያለው ጉባኤ በየከተማው ነው። ያቺ የኔዋ ልጅ፣ ሊንዳ ብሌር፣ አድጋ ከእንግዶቹ አንዷ ሆናለች። አድናቂው ተሰልፎ፣ ከፍሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ አስፈርሞ ይሄዳል። ለፊርማ መክፈሉ ነው የማይገባኝ። እኛ አገር ፊርማ ራሱ ሆረር ነው፤ ዋስ ሆኖ የፈረመ ያውቀዋል።

በየጉባኤው ከሚነገረው የሰማሁት ግን ፍርሃቴን ሳይሆን ክብሬን ነው የነካው። ልጅቷ ካህኑ ላይ ያስታወከችው አረንጓዴ ነገር የአተር ሾርባ ነው። እኔ ለሃያ ዓመት የሸሸሁት ክክ ኖሯል! ያ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ የሷ ሳይሆን መርሴዲስ ማክ ካምብሪጅ የተባለች አንጋፋ ተዋናይ ድምፅ ነው። ከተዋንያኑ አፍ የሚወጣው ጭጋግ ደግሞ ክፍሉን እንደ ሥጋ ማቀዝቀዣ አቀዝቅዘውት ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ው «ሳይኮ» ላይ፣ ጃኔት ሊ ገላዋን ስትታጠብ ተወግታ የፈሰሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ልጇ ጄሚ ሊ ከርቲስ በ1978 «ሃሎዊን» ላይ ስትጮህ፣ ጩኸቱን ከእናቷ እንደ ርስት ነው የወረሰችው።

ከእኛም ሰው አለን። ሩት ነጋ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እናቷ አገር አየርላንድ የሄደች ናት፤ «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ለኦስካር ታጭታለች። ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ «አይሶሌሽን» የሚባል የአየርላንድ ሆረር ላይ ሠርታለች። የሚያስፈራው ነገር የሚወጣው ከየት መሰላችሁ? ከላም ሆድ። በአንድ እርሻ ላይ ከብቶች ላይ ሙከራ ይደረግና የሚወለደው ነገር ሰው ይፈጃል። ይህን ፊልም አንዱ የቄራ ልጅ አጠገቤ ሆኖ አየው። እኔ ሶፋው ላይ ተኮራምቼ ሳለሁ እሱ «አያያዛቸው ልክ አይደለም» እያለ አራረድ ያርም ነበር።

በአማርኛስ ሆረር ለምን አልበዛም? ፊልሞቻችን ፍቅርና ኮሜዲ ላይ ተደላድለው የተቀመጡት፣ ይመስለኛል፣ የሚያስፈራውን ነገር ትኬት ቆርጦ የሚያይ ስለሌለ ነው። በየጸበሉ በነጻ እያለ። ስለዚህ የእኛ ገዳዮች ጥርስ አያበቅሉም፣ አናታቸው አይሽከረከርም፤ ሻይ ያቀርባሉ። አማት ናቸው፣ እንጀራ እናት ናቸው። ከድራኩላ ይልቅ እነዚህ ያስፈሩኛል፤ ድራኩላ ቢያንስ ስኳር ስንት ልጨምርልህ አይልም።

ወደ ባዛሩ ልመለስ። የእህቴ ልጅ ጎትታ ወሰደችኝ። «ጋሼ ፎቶ መነሣት ይፈልጋል፣ ግን ያፍራል» ብላ አጋለጠችኝ። ተዋናይቷ ሳቀች፤ የፈንዲሻውን ፌስታል ዘረጋችልኝ። ዘገንኩ። በቅርብ ሲያዩዋት የደከማት ሴት ናት፣ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣ ነበር። «ሻይ ልጋብዝሽ?» አልኳት፤ አፌ ነው የቀደመኝ። ሟቿ በሳቅ ፈረሰች። «ጋሼ፣ ከሷ ጋ ሻይ?» አለች።

ቅቤውን ገዝተን ወጣን። አልረከሰም ነበር።

ያ ማድ ቤት ዛሬ የለም፤ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለልማት ሲነሣ ከነሰፈሩ ተነሥቷል። ፎቶው ግን የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ አለ። በአንድ ወገን ገዳይዋ፣ በሌላ ወገን ሟቿ እየሳቁ፣ እኔ መሀል ነኝ። ዐይኔን ጨፍኛለሁ።