ከየካ ዳገት እስከ እንጦጦ፣ ዝም ካለ ልጅ ጋር

በዚህ ወር አንድ ነፃ ቅዳሜ ካገኙ ለየካ ይስጡት። ጉዞው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ምቹ ጫማ፣ ውኃ፣ ጥቂት ቆሎና ነጠላ ይበቃል። ቤትዎ ውስጥ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን የተቃረበ ልጅ ካለ፣ ይዘውት ይውጡ። በተለይ ደግሞ ጠዋቱ በጸሎት በሚከፈት ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ።

ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ። የተማርኩት ከዚሁ ተራራ ግርጌ በሚገኝ የወንጌላውያን ትምህርት ቤት ነው። ቤተሰቤ ኦርቶዶክስ ነው፤ ትምህርት ቤቱን የመረጡልኝ በእንግሊዝኛውና በሥነ ምግባሩ ነበር። ዛሬ የማርኬቲንግ ባለሙያ ሆኜ ሳየው፣ ብዙ ወላጅ የሚገዛው ይህንኑ ነው። መምህሮቼ ደጎች ነበሩ። የበደለኝ ሰውም አልነበረም። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ግን እንደማላምን አወቅሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ከማን ጋር እንደምነጋገር አላውቅም ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። "አሜን" ሲባል "አሜን" እላለሁ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

መደበቂያ አላጣሁም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአዲስ አበባ ነዋሪ 75 በመቶ ገደማው ኦርቶዶክስ፣ 16 በመቶው ሙስሊም፣ 8 በመቶ ገደማው ፕሮቴስታንት ነበር። በእንዲህ ያለ ከተማ ዝም ያለ ሰው ከአንዱ ይመደባል። መምህሮቼ ዝምታዬን "ኦርቶዶክስ ስለሆነች ነው" ይሉ ነበር። እናቴ ደግሞ "አደራ፣ የእነሱን እንዳትወስጂ" እያለች ጸናሽልኝ ትለኝ ነበር። ለጠባይ ሁልጊዜ "ኤ" አገኝ ነበር። ዝምታዬን ሁሉም ጨዋነት ብሎ ተረጎመው።

እንግዲህ መንገዱን እንጀምር። የመጀመሪያው ማረፊያ የካ ሚካኤል ነው። ከቻሉ ጥር 12 ቀን ይምጡ፤ ታቦቱ ከጃንሜዳ ወደ ደብሩ የሚመለስበት ዕለት ነው። ወጣቶቹ ምንጣፍ እየጠቀለሉና መልሰው እያነጠፉ ይሮጣሉ፤ እልልታውና ጭብጨባው መንገዱን ይሞላዋል። እኔም በየዓመቱ አብሬ አጨብጭቤያለሁ። ማስመሰል አልነበረም። ሰው ሳያምንም ከሰፈሩ፣ ከዘመዱና ከበዓሉ ጋር ሊሆን ይችላል። ልጅዎ "አላምንም" ቢልዎ "ጠላሁአችሁ" ማለቱ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ያስቡት።

ከደብሩ በላይ ያለውን ዳገት በባሕር ዛፉ መካከል ሲወጡ ዋሻ ሚካኤልን ያገኛሉ። ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ትውፊቱ ሥራውን ለአብርሃና አጽብሓ ዘመን ይሰጠዋል፤ አጥኚዎች ግን ከዚያ በብዙ የዘገየ ነው ይላሉ።

ዋሻ ካነሳን አይቀር፣ ሌላ ዋሻ ላስታውስዎ። "ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ" የአክሱም አካባቢ ተወላጅ የሆነ የ17ኛው መቶ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ታሪክ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ሲኖር፣ ሁሉም "የእኔ እምነት ነው እውነቱ" ካለ ፈራጁ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉን ማን እንደጻፈው ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ዘርዓ ያዕቆብ በመጨረሻ በፈጣሪ ያምናል፤ እኔ እዚያ አልደረስኩም። ጥያቄው ግን ከውጭ የመጣ ወይም ከስልክ የተቀዳ እንዳልሆነ ለልጅዎ ሊነግሩት ይችላሉ።

ከዋሻ ሚካኤል ወርደው፣ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል በመኪና ወደ እንጦጦ ይውጡ። ሽሮ ሜዳ ላይ ነጠላ መግዛት ይቻላል። ዳገቱ ላይ ከጀርባቸው የሚበልጥ የእንጨት ሸክም ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን፣ ጸበል በጀሪካን የያዙ ምእመናንን ያያሉ። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ሲገቡ ነጠላዎን ይልበሱ፤ ልጅዎ ውጭ ልቆይ ካለ ይቆይ።

ስለ መብት ማወቅ ለሚፈልጉ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ነገሩን በሁለት በኩል ያየዋል። አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው ማሳደግ ይችላሉ። በዚያው አንቀጽ ግን ማንም የሚፈልገውን እምነት እንዳይዝ ሊገደድ አይችልም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 14 የልጅን የሐሳብና የኅሊና ነፃነት ያከብራል፤ የወላጅ ምሪት ደግሞ ከልጁ የመብሰል ደረጃ ጋር እንዲሄድ ይላል።

ሕጉ ግን የእራት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ልጁ የሚፈራው ዳኛ ሳይሆን የእናቱን ፊት ነው፤ ከቤት መባረርን የሚፈራም አለ። ስለዚህ "ታምናለህ ወይስ አታምንም?" ብለው አይጀምሩ። እሱ ፈተና ነው፤ ልጅ ደግሞ ለፈተና የሚጠበቀውን መልስ ይሰጣል። "ጠዋት ጸሎት ላይ ምን ታስባለህ?" ይበሉትና ይጠብቁ። እየተራመዱ ቢሆን ይሻላል፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ፊት ለፊት አይተያዩምና።

እኔ ለእናቴ የነገርኳት ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ከእንጦጦ ማርያም ስንወርድ ነው። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ለፋሲካ ግን ትመጫለሽ?" አለችኝ።

"እመጣለሁ።"

"እንግዲያው ዶሮውን አብረን እንሠራለን" አለችና ነጠላዋን አጣፋች። እሷ ለእኔ መጸለይዋን አላቆመችም፤ እኔም እንድታቆም አልጠየቅኋትም። ጸሎት ላይ ስትቆም አሁን ዓይኔን አልጨፍንም፤ እሷም ታውቃለች።