በእስክንድርያ ባሕር ዳር የዋልንበት ቀን

የእስክንድርያን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ልጅ ሆኜ ዳዊት ስደግም ነው። መምህራችን፥ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን የተቀበለባት ከተማ ናት ብለው ነገሩን፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ላያት እመኝ ነበር። ባለቤቴ ግን የምትመኘው ከተማይቱን ሳይሆን ባሕርን ማየት ነበረ። በተጋባን በዓመቱ አሳይሻለሁ ብዬ ቃል ሰጠኋት፤ ቃሌም ሳይፈጸም ሀያ ሁለት ዓመት አለፈ።

በደረስን ማግስት፥ የሚታየውን ሁሉ በደብተር ጽፌ በማለዳ ተነሣን። አስቀድመን በ2002 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ሄድን (ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ጣራው ከባሕር እንደምትወጣ ፀሐይ ክብና ዘንበል ያለ ነው፤ በውጭ ባለው የድንጋይ ግንብም የብዙ አሕዛብ ፊደል ተቀርጾበታል። እኔ ፊደሉን ስመረምር እርስዋ ፊትዋን ወደ ባሕሩ መልሳ ቆመች። «ጊዜው ያልፍብናል» ብዬ ጠራኋት።

ከዚያ የቃይትባይ ምሽግ በወደቡ ማዶ ይታያል። ቅርብ መስሎኝ በእግራችን እንሂድ አልሁ። ነገር ግን ወደቡ እንደ ደጋን የጎበጠ ስለሆነ ዐይን በውኃው ላይ አቋርጦ ሲደርስ እግር ግን ዳር ዳሩን ይዞራል። ፀሐዩም በረታ። እኔ ከፊት፥ እርስዋ ከኋላ ሆነን ሄድን፤ ይህም በአገራችን ልማድ ነውና አላሰብሁበትም።

ምሽጉ ውስጥ እንደ ገባን ማስተማር ጀመርሁ። «ይህ ስፍራ ቀድሞ ፋሮስ የሚባል ደሴት ነበረ። ለመርከበኞች እሳት የሚያበራው ታላቅ ግንብ የቆመው በዚህ ነው። በ1303 የምድር መናወጥ ክፉኛ ጎዳው፤ ኋላም ፈረሰ። በ1477 ሡልጣን ቃይትባይ በፍርስራሹ ላይ ይህን ምሽግ አሠራ። በ1994ም ጠላቂዎች ከባሕሩ በታች ታላላቅ ድንጋዮች አገኙ» እያልሁ ዘወር ብል፥ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ደነገጥሁ። ዓረብኛ አታውቅም፤ ገንዘቡም ፓስፖርቱም በእኔ ኪስ ነው። ደረጃውን ወጥቼ ወረድሁ፤ በየክፍሉም ፈለግኋት። በመጨረሻ ከምሽጉ ውጭ፥ ማዕበሉን በሚከለክሉት ድንጋዮች ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራለች፤ ተረከዝዋ ተልጦ ይደማ ነበር።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋት።

«ከቤተ መጻሕፍቱ።»

«ስለ ምን አልነገርሽኝም?»

«መምህር፥ እርስዎ ሲያስተምሩ መካከል መግባት ነውር መስሎኝ» አለችኝ። ቍጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት በተሻለኝ። እኔ በክፍል ውስጥ የተማሪዬን ፊት አይቼ የራበውንና የታመመውን እለያለሁ እያልሁ የምመካ ሰው ነኝ።

አጠገብዋ ተቀመጥሁ። የምናገረው ጠፋኝ።

«የባሕር ውኃ ጨው ነው ሲሉ አላምንም ነበር» አለች ጥቂት ቆይታ፤ «ዛሬ እግሬ ነገረኝ። እርስዎም ይቅመሱት።»

በእጄ ጨልፌ ቀመስሁ፤ ፊቴም ሲጨማደድ አይታ ሳቀች። በደብተሬ የሮማውያን የትያትር ቦታና የጳምጵዮስ ዓምድ ቀርተው ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ መቃጥናቸውን ጠቅልለው እስኪሄዱ ድረስ ከዚያ አልተነሣንም፤ ከዚያም የፈረስ ጋሪ ጠርቼ እርስዋን አስቀድሜ አወጣኋት።