ጭንቀትና ሒሳብ

የኑሮ ሐሳብ በሰው ላይ የሚበረታበት ሰዓት አለው፤ ይኸውም ልጆች ተኝተው፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው። በዚያን ጊዜ የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ የጤፉና የዘይቱ ዋጋ በየተራ እየተነሡ ሰውን ይጠይቁታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ከሆነ ወዲህ፣ በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ይህን ጥያቄ ይበልጥ አውቆታል።

እኔም ከነዚሁ አንዱ ነኝ። ከኑሮ የተማርሁት ነገር ቢኖር መጨነቅና ሒሳብ ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ጭንቀት ቁጥር አያውቅም፤ በጨለማ 500 ብርም 5,000 ብርም እኩል ያስፈራሉ። ሒሳብ ግን ለሁሉም ልኩን ይሰጠዋል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ነገ እንዳንጨነቅ አስተምሮ፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ደግሞ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ መናገሩ ስለዚህ ይመስለኛል።

በቤታችን ደመወዝ በገባ ማግሥት ባለቤቴና እኔ በቀን ብርሃን ደብተር ይዘን እንቀመጣለን። በመጀመሪያ የማይቀረውን እንጽፋለን፦ ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት፣ እቁቡን፣ የእድሩን መዋጮ። የነዳያን ድርሻም ትንሽ ብትሆን ከዝርዝሩ አትወጣም። የማኅበር ተራችን የሚደርስበት ወር አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ፣ በዓሉ ሲቀርብ ብድር ከመፈለግ በየወሩ ጥቂት እናስቀምጣለን። ዝክሩ በዳቦና በጠላ ቢፈጸም ቅዱሱ አያዝንብንም፤ የሚያዝን ጎረቤት ቢኖር እርሱም ይለምደዋል።

በእርግጥ ደብተር ብር አይወልድም፤ ተጽፎ ተደምሮ የማይበቃበት ወር ብዙ ነው። ሆኖም የጎደለው 1,200 ብር መሆኑ ከታወቀ፣ የምንነጋገረው ስለ 1,200 ብር ብቻ ነው። የቱን እንተው? የቱን ለሚመጣው ወር እናቆይ? የእቁቡን ዳኛ ተራችንን እንዲያስቀድምልን እንለምነው ይሆን? እየተባለ ይመከራል።

ከማጣት ይልቅ ትዳርን የሚጎዳው መደባበቅ ነው። ባል ዕዳውን፣ ሚስትም የጓዳዋን ባዶነት ሲሰውሩ፣ ሁለቱ በአንድ አልጋ ላይ ለየብቻቸው ይጨነቃሉ።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን ሆይ፣ በሌሊት የመጣባችሁን ሐሳብ ለነገው ደብተር ቀጥሩት፤ ቤታችሁንም ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥታችሁ ተኙ። እንቅልፍ ያገኘ ሰው ለሥራውም ለሒሳቡም ይበረታልና።