እሑድን በቢሾፍቱ

አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝዎ ገና ሳይመነመን አንዱን እሑድ ለቤተ ሰብዎ ይስጡት። ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል የነበረችው ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው።

በባቦጋያ ሐይቅ ዳር ካሉት የአትክልት መዝናኛዎች ወደ አንዱ ይግቡ። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደ ሆነ ግን አስቀድመው ይጠይቁ፤ እናት ሌሊቱን የሠራችው ዶሮ ወጥ ከበር ሲመለስ ማየት ደስ አያሰኝም። እኛ በሄድንበት ቀን እናቴ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ቡናዋን እየጠጣች፣ ታናናሾቼ በሣሩ ላይ ሲንከባለሉ አይታ ከልቧ ሳቀች። ቤት ውስጥ፣ ሥራ ከቧት፣ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ውሃው ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በከፈታቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው፤ ስለዚህም ዳራቸው በድንገት ይጠልቃል። የከተማይቱን ስም የያዘው ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ልጅ ወደ ዳር ሲወርድ አንድ አዋቂ እጁን ይያዝ፤ አዋቂዎቹ ተራ ከገቡ ማንም ሳይዝናና አይቀርም።

የእሑድ ማታ መንገድ ይጨናነቃልና ከ10 ሰዓት በፊት ጓዝዎን ይሸክፉ። ልጆቹ ያለቅሱ ይሆናል፤ መኪና ውስጥ ግን ወዲያው ይተኛሉ።